የአፍንጫ ደም እንዴት ይገታል? ከዳንግላው ነስር እስከ ሳይነስ ቀዶ ሕክምና

ብርድ በመጣ ቁጥር ከመካከላችን «ሳይነስ አለብኝ» የማይል ተማሪ ጥቂት ነው። አነጋገሩ ግን ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። ሳይነስ የበሽታ ስም አይደለምና፤ ሳይነስ የሌለው ሰው የለም። ቃሉ የላቲን ነው፤ ትርጓሜውም እጥፋት፣ ጉድጓድ፣ የባሕር ወሽመጥ እንደ ማለት ነው። በሕክምና ቋንቋ ደግሞ በፊታችን አጥንት ውስጥ የሚገኙት አየር የሞላባቸው ባዶ ክፍሎች ሳይነስ ይባላሉ። ቁጥራቸውም አራት ጥንድ ነው፤ አንደኛው ጥንድ በጉንጭ አጥንት፣ ሁለተኛው በግንባር፣ ሦስተኛው በሁለቱ ዓይኖች መካከል፣ አራተኛው ከሁሉ ወደ ኋላ ከራስ ቅል ወለል ሥር ይገኛል። የእነዚህ ክፍሎች በር ሲዘጋና ፈሳሹ ሲታቆር ቁጣ ይነሣል፤ ራስ ይከብዳል፣ አፍንጫ ይታፈናል፣ ማሽተት ይጠፋል። «ሳይነስ አለብኝ» ስንል ይህን ማለታችን ነው።

ይህ ሕመም በብዙ ሰዎች ላይ በመድኃኒትና በአፍንጫ እጥበት ይመለሳል። አልመለስ ካለ፣ ወይም ፖሊፕ የሚባለው እንደ ወይን ፍሬ ያለ ለስላሳ ሥጋ በአፍንጫ ውስጥ በቅሎ መተንፈሻውን ከዘጋ፣ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ያዛል። ያን ጊዜ የበሽተኛውም፣ የእናቱም፣ የጎረቤቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ደሙስ?» ይላሉ። ስንቱ ሰው ይህን ጥያቄ የሚመልስለት አጥቶ ቀጠሮውን ጥሎ ቤቱ ቀርቷል!

እኛ ይህን የምንጽፍ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን ከመካከላችን የዳንግላ ልጆች አለንና ጥያቄውን በአገር ቤት ደጋግመን ሰምተነዋል፤ መልሱንም ከሕክምና መጻሕፍት ፈልገን በራሳችን ቋንቋ ለጓደኞቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን። የደረስንበት ፍሬ ነገር ይህ ነው። በሳይነስ ቀዶ ሕክምና ላይ ደም በይበልጥ የሚያሰጋው ስለሚያልቅ አይደለም፤ የሐኪሙን ዓይን ስለሚጋርድ ነው። ስለዚህም ደሙን የመግታቱ ሥራ አብዛኛው የሚፈጸመው መሣሪያው ከመነሣቱ በፊት ነው። ከዚያም ሥራ አንዱ ድርሻ የበሽተኛው የራሱ ነው።

ነስርና አልቅት

ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ፣ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ የአዊ ከተማ ናት። ለአካባቢዋ ሰው የአፍንጫ ደም እንግዳ ነገር አይደለም። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ሕፃናት በጨዋታ ላይ ሳሉ ይነስራቸዋል። ከዚህ በቀር ደግሞ አልቅት አለች። እረኛው በክልቲ ወንዝ ወይም በአንዱ ምንጭ ዳር ተደፍቶ በአፉ ውኃ ሲጠጣ፣ በዓይን የማትለይ ትንሽ አልቅት ትገባና ከአፍንጫው ጓዳ ትጣበቃለች። እዚያም ደም እየመጠጠች ታድጋለች። ከቀናት በኋላ አፍንጫው በየጊዜው ይደማል፤ ልጁም «አንድ ነገር ይንቀሳቀስብኛል» ይላል።

ይህች አልቅት ለጉዳያችን ጥሩ አስተማሪ ናት። በመጀመሪያ፣ አልቅት ደም እንዳይረጋ የሚከለክል ነገር በምራቋ ትረጫለች፤ ሐኪሞች ለመድኃኒት ከሚጠቀሙባት አልቅት የተገኘው ሂሩዲን ይባላል። ስለዚህ ከተነቀለች በኋላም የነከሰችው ቦታ ለጥቂት ጊዜ መድማቱን አይተውም። ሁለተኛም፣ አፍንጫውን በጥጥ መወተፍ ብቻ አይበቃም፤ መንሥኤዋ ታይታ፣ በወረንጦ ተይዛ መውጣት አለባት። ገበሬው አልቅት ለያዘው ከብት የትምባሆ ቅጠል ጨምቆ በአፍንጫው ሲያንጠባጥብ ኖሯል። ለሰው ልጅ ግን ትምባሆ መርዝ ነውና ይህን መሞከር አይገባም። ሐኪሙ ማደንዘዣ በአፍንጫው ውስጥ አድርጎ አልቅቷን ካደከማት በኋላ እያየ ያወጣታል። «እያየ» ያልነውን ቃል አንባቢ ልብ ይበል፤ የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ የሚዞረው በእርሱ ላይ ነውና።

ስለ ተራው ነስርም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ከመቶ ነስር 90 ያህሉ የሚነሣው የአፍንጫን ሁለት ቀዳዳዎች ከሚለየው ግድግዳ የፊተኛ ክፍል ነው፤ በዚያ ቦታ ብዙ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይገናኛሉ። እንግዲህ የሚነስረውን ልጅ «አንጋጥጥ!» ማለት የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ሲያንጋጥጥ ደሙ አይቆምም፤ መንገዱን ለውጦ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል እንጂ። የተዋጠው ደምም ያስመልሳል። ትክክለኛው ነገር ልጁን ቁጭ አድርጎ፣ ራሱን ወደ ፊት ጥቂት አዘንብሎ፣ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል በሁለት ጣት ጨብጦ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቁ መቆየት ነው። በየደቂቃው እየለቀቁ «ቆመ ወይ?» ብሎ ማየት የሚረጋውን ደም መልሶ ማፍረስ ነው። በዚህ ካልቆመ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

አፍንጫ ስለ ምን ብዙ ይደማል?

አፍንጫ የሳንባ በር ጠባቂ ነው። የምንስበውን ቀዝቃዛና ደረቅ አየር አሙቆና አርጥቦ ያስገባል። ይህንም ሥራ የሚሠራው ብዙ ደም ከስስ ቆዳው ሥር በማዘዋወር ነው። ደሙም የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መንገድ ፊትን ከሚመግበው ታላቅ የአንገት ሥር ይነሣል። ሁለተኛው ደግሞ አንጎልንና ዓይንን ከሚመግበው ሥር ተከፍሎ በዓይን ጉድጓድ በኩል ይገባል። ስለዚህ አንዱን መንገድ ቢዘጉት ሌላው ይቀራል።

የሳይነሶች ጎረቤትም ቀላል ጎረቤት አይደለም። በዓይኖች መካከል ያሉትን ክፍሎች ከዓይን ጉድጓድ የሚለየው አጥንት እጅግ ስስ በመሆኑ የአካል አጥኚዎች በላቲን «ወረቀት መሳይ» ብለው ሰይመውታል። ከላይ ከአንጎል የሚለየው የራስ ቅል ወለልም በአንዳንድ ቦታው ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙ ያነሰ ነው። ከኋለኛው ሳይነስ ግራና ቀኝ ደግሞ የማየት ነርቭና ታላቁ የአንጎል ደም ሥር ያልፋሉ።

በዚህ ጠባብ ቤት ውስጥ ገብቶ ለመሥራት ብርሃንና ዓይን ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ሂርሽማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የሽንት ፊኛ ለማየት የተሠራውን መሣሪያ አሻሽሎ ሳይነስን ለማየት ሞከረ፤ የሚታየው ምስል ግን ደብዛዛ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሃሮልድ ሆፕኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ አየር ይዞት የነበረውን ቦታ በረጃጅም የመስተዋት ዘንጎች ተካው። በዚህ አንድ ለውጥ ብርሃኑም ጥራቱም እጅግ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ በኦስትሪያ አገር በግራትስ ከተማ ዋልተር ሜሰርክሊንገር የሳይነስ ፈሳሽ በየትኛው መንገድ እንደሚወጣ በዚሁ መሣሪያ አጠና፤ ተከታዩ ሐይንዝ ስታምበርገርና በአሜሪካ ዴቪድ ኬኔዲ ትምህርቱን በ1980ዎቹ ለዓለም አዳረሱ። ዛሬ ይህ መሣሪያ ኢንዶስኮፕ ይባላል፤ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጫፉም የሚመጣው ምስል በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ይታያል። ፊት ላይ ምንም ጠባሳ ሳይቀር ሥራው ሁሉ በአፍንጫ ቀዳዳ በኩል ይፈጸማል።

እንግዲህ ችግሩን እንመልከት። የመሣሪያው ዓይን 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ አንዲት የደም ጠብታ መላ ዓለሙን ታጨልማለች። በሆድ ቀዶ ሕክምና ላይ ሐኪሙ ደሙን በጨርቅ አድርቆ፣ ሥሩን በእጁ ይዞ፣ በክር ያስረዋል። በአፍንጫ ውስጥ ግን እጅም ክርም አይገባም። በተለመደው የሳይነስ ቀዶ ሕክምና የሚፈሰው ደም በጠቅላላው አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ለደም ባንክ ከሚለግሰው 450 ሚሊ ሊትር ብዙውን ጊዜ ያነሰ ነው። የደሙ መጠን ሰውን አይገድልም። ነገር ግን ሐኪሙ ወረቀት መሳዩን አጥንት ከፖሊፑ መለየት ያቃተው እንደሆነ ጉዳቱ በዓይን ወይም በአንጎል ላይ ይደርሳል።

ይህን በመገንዘብ አንድሬ ቡዛርት የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ የማደንዘዣ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋራ በ1995 ከ0 እስከ 5 የሚሄድ መለኪያ አወጣ። 0 ማለት ደም የለም ማለት ነው። 2 ቢሆን ደሙን አልፎ አልፎ መምጠጥ ይበቃል። 5 ግን ደሙ ከመምጠጫው ፍጥነት በልጦ ሥራውን የማያስቀጥል ነው። መለኪያው የፈሰሰውን ደም በሊትር አይቆጥርም፤ የሚጠይቀው «ሐኪሙ ያያል ወይስ አያይም?» ብሎ ነው።

መሣሪያው ከመነሣቱ በፊት

የመጀመሪያው መከላከያ ከቀዶ ሕክምናው ሳምንታት በፊት በሐኪሙና በበሽተኛው መካከል የሚደረገው ንግግር ነው። ሐኪሙ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ተራ ይመስላሉ። ጥርስ ሲነቀልልህ ደሙ ብዙ ቆይቷል ወይ? ከቤተሰብህ ደም የማይረጋለት ሰው አለ ወይ? ግፊት አለብህ ወይ? ምን መድኃኒት ትወስዳለህ? ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ተደብቆ የሚቀረው የመጨረሻው ነው።

አስፕሪንን እንውሰድ። ደም የሚረጋው ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች ተጣብቀው ቀዳዳውን ሲደፍኑ ነው። አስፕሪን ይህን የመጣበቅ ችሎታ ይነሣቸዋል። አስፕሪን የነካት ፕላትሌት እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አትድንም፤ ዕድሜዋም ከ7 እስከ 10 ቀን ያህል ነው። ስለዚህ ዛሬ ለራስ ምታት የተዋጠች አንዲት ፍሬ ከሳምንት በኋላ የሐኪሙን መስኮት ልታቀላ ትችላለች። እንደ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያሉት የሕመም ማስታገሻዎችም፣ ጊዜያቸው ቢያጥርም፣ ሥራቸው ይመሳሰላል። በአገራችን እነዚህን ያለ ሐኪም ወረቀት መግዛት የተለመደ ስለሆነ ብዙ ሰው እንደ መድኃኒት አይቆጥራቸውም፤ ሲጠየቅም «ምንም አልወስድም» ይላል። የሚዋሽ ሆኖ አይደለም፤ ነገሩ ስላልመሰለው ነው። ለጉንፋን በብዛት የሚበላ ነጭ ሽንኩርትም የፕላትሌትን ሥራ በመጠኑ እንደሚያዳክም ስለሚታወቅ፣ የቤት መድኃኒት የወሰደ ሰው እርሱንም መናገር ይገባዋል። ሐኪሙ ሊቆጣ አይገባውም፤ ቢቆጣም ከመደበቁ መቆጣቱ ይሻላል።

እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ አለ። ለልብ በሽታ አስፕሪን ወይም ሌላ የደም ማቅጠኛ የታዘዘለት ሰው በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም። መቼና ለስንት ቀን እንደሚቋረጥ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የግፊት መድኃኒትም እንዲሁ ነው፤ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ያቋረጠ ሰው ግፊቱ ጨምሮ ወደ ቀዶ ሕክምናው ይገባል። ፖሊፕና አስም አብረው የያዙት ሰው ደግሞ አስፕሪን አንዳንድ ጊዜ ትንፋሽ እስከ መቁረጥ ስለሚያደርስበት ነገሩን አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት።

ሁለተኛው መከላከያ የተቆጣውን ሥጋ ማብረድ ነው። የተቆጣና ያበጠ ሥጋ ደም የሞላበት ነው። ፖሊፕ ላለበት በሽተኛ ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለጥቂት ቀናት እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ቁጣ አብራጅ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል፤ ፖሊፑ ይሟሽሻል፣ ደሙም ይቀንሳል።

ሦስተኛው አድሬናሊን ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔ ከኩላሊት በላይ ከምትገኘው ዕጢ አጣርቶ ያወጣው ይህ ንጥረ ነገር ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያኮማትራል። ሐኪሙ በአድሬናሊን የተነከረ ጥጥ ወይም ጨርቅ በአፍንጫው ውስጥ አስቀምጦ 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። ቀይ የነበረው ሥጋ ነጣ ይላል፤ ያበጠው ይሸሻል፤ መንገዱም ይሰፋል። ይህን 10 ደቂቃ መታገሥ የማይችል ሐኪም በኋላ ደም ሲመጥ ሰዓታት ያጠፋል ይባላል።

በአድሬናሊን ነገር ግን ሁልጊዜ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በጥጥ የሚነከረው 1 ለ1,000 የሆነው ብርቱው ነው፤ ከማደንዘዣ ጋራ በመርፌ የሚወጋው ግን ብዙ ጊዜ 1 ለ100,000 የሆነው፣ ማለትም መቶ ጊዜ የቀጠነው ነው። ሁለቱም እንደ ውኃ የጠሩ ስለሆኑ በዓይን አይለዩም። ብርቱው በስሕተት ቢወጋ የልብ ምትና የደም ግፊት በድንገት ይንራል፤ ሰውም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በሠለጠነ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሁለቱ በተለያየ ዕቃ ይቀመጣሉ፣ ስማቸው ይጻፍባቸዋል፣ አንዳንዶቹም ብርቱውን በቀለም ያቀልሙታል። አንዲት ምልክት የምትጽፍ ነርስ የሰው ሕይወት ታድናለች ማለት ነው።

በማደንዘዣው በኩል

በሽተኛው ከተኛ በኋላ የደሙ ነገር ከአፍንጫ ሐኪሙ ይልቅ በማደንዘዣ ባለሙያው እጅ ነው። የመጀመሪያው ነገር አልጋው ነው። አልጋው ከራስጌው በኩል ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ከፍ ሲል በራስ ውስጥ የተጠራቀመው ደም በክብደቱ ወደ ልብ ይወርዳል፤ መድማቱም ይቀንሳል። ለዚህ የሚከፈል ዋጋ የለም።

ሁለተኛው የልብ ምት ነው። ልብ በዝግታ ስትመታና ግፊቱ ዝቅ ሲል ከተቆረጠች ሥር የሚወጣው ደም ያንሳል። የአዊ ፈረሰኛ ይህን ያውቀዋል፤ ልጓም መያዝ ፈረሱን ማቆም ማለት አይደለም፣ እርምጃውን መምረጥ ነው እንጂ። የማደንዘዣ ባለሙያዎች በጤነኛ ሰው ላይ አማካዩን የደም ግፊት ከ60 እስከ 70 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ የልብ ምቱንም በደቂቃ 60 አካባቢ ለማድረግ ይጥራሉ። በትንፋሽ የሚሰጠው የማደንዘዣ ጋዝ ቀጫጭን ሥሮችን ስለሚከፍት ብዙዎች በደም ሥር የሚሰጠውን ፕሮፖፎልን ይመርጣሉ። ልጓሙ ግን ከልክ በላይ ሊጠብቅ አይገባም። ለሽማግሌ፣ ለግፊት በሽተኛ፣ ልቡ ወይም የአንጎሉ ደም ሥር ለታመመ ሰው ዝቅተኛ ግፊት አደጋ ነው። ለሐኪሙ ጥራት ሲባል የበሽተኛው አንጎል ደም አይነፈግም።

በሥራው መካከል

ይህ ሁሉ ተደርጎም ደም ፈጽሞ አይጠፋም። ሐኪሙ ሥራውን ከታች ወደ ላይ ይሠራል፤ እንዲህ ሲያደርግ የፈሰሰው ደም የሚሠራበትን ቦታ አያጥለቀልቅም። አንዱ ወገን ሲደማበት በአድሬናሊን የተነከረውን ጨርቅ እዚያ አኑሮ ወደ ሌላው ቀዳዳ ይሻገራል። ዕረፍቱ ለደሙ ነው እንጂ ለሐኪሙ አይደለም።

ሞቅ ያለ የጨው ውኃም ጥሩ ረዳት ነው። የሚደንቀው፣ ሰው ሁሉ ለነስር ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈልግ፣ ሐኪሞች ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቅ ውኃ አፍንጫውን ማጠባቸው ነው። ሙቀቱ ሥጋውን ጥቂት አሳብጦ የሚደሙትን ጥቃቅን ሥሮች ያፍናል፤ የመርጋቱንም ሥራ ያፈጥናል፤ ውኃውም የረጋውን ደም ጠርጎ መስተዋቱን ያጠራል። ይህ ግን በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በሙቀት መለኪያ የሚደረግ ነው። ሙቀቱ ካለፈ ሥጋውን ያቃጥላልና ማንም ሰው በቤቱ እንዳይሞክረው አደራ እንላለን።

ከመድኃኒቶች መካከል ትራኔክሳሚክ አሲድ ስሙ ሊነሣ ይገባዋል። ይህን መድኃኒት በ1962 ያስተዋወቁት ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ሾሱኬና ኡታኮ ኦካሞቶ ናቸው። ሥራው ደምን ማርጋት አይደለም፤ የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ መጠበቅ ነው። በ2010 የታተመው ክራሽ-2 የተባለው ጥናት በ40 አገሮች ከ20,000 በላይ የአደጋ ቁስለኞችን ተከታትሎ መድኃኒቱ ሞትን እንደሚቀንስ አስረዳ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከመሠረታውያን መድኃኒቶች ዝርዝር አስገባው። በሳይነስ ቀዶ ሕክምናም ደሙን በመጠኑ ቀንሶ የሐኪሙን ዕይታ ያሻሽላል። ዋጋው ውድ አይደለም።

ትልልቆቹ ሥሮች

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ስም ያለው ሥር ይቆረጣል። ከአፍንጫው ጓዳ ኋላ የሚገባው ሥር ከደማ ሐኪሙ በኤሌክትሪክ ይተኩሰዋል ወይም በትንሽ የብረት መቆንጠጫ ይዘጋዋል። በዓይን ጉድጓድ በኩል የሚመጣው ሥር ግን ተንኮለኛ ነው። ሲቆረጥ ወደ ዓይን ጉድጓድ ይሸሽና እዚያ ተደብቆ ይደማል። ዓይኑ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ግፊቱ ቶሎ ካልተለቀቀ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ብርሃኑ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የበሽተኛው ዓይኖች በቀዶ ሕክምናው ጊዜ በጨርቅ አይሸፈኑም፤ ረዳቱ ዘወትር ይመለከታቸዋል።

ከሁሉ የከፋው ከኋለኛው ሳይነስ ጎን የሚያልፈው የአንጎል ታላቅ ሥር የተነካ እንደሆነ ነው። እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ አደጋ ነው፤ ሲደርስ ግን የሚታሰብበት ጊዜ የለም። በአውስትራሊያ በአደላይድ ከተማ ፒተር ጆን ወርማልድና ባልደረቦቹ ይህን አደጋ ሐኪሞች አስቀድመው እንዲለማመዱት በሰመመን በተኙ በጎች ላይ ትምህርት አዘጋጁ። ልዩ ልዩ መንገድ ፈትነው እጅግ የተሳካ ሆኖ ያገኙት ቀላሉን ነገር ነው፤ ከራሱ ከበሽተኛው ጡንቻ ጥቂት ቆርጦ፣ ቀጥቅጦ፣ በቀዳዳው ላይ አጥብቆ መያዝ። የተቀጠቀጠው ጡንቻ ደሙን ያረጋዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው

በሽተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስ ደሙን የመጠበቁ ሥራ እንደገና ወደ እርሱ ይዞራል። ራሱን በትራስ ከፍ አድርጎ ይተኛ። ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ አይናፈጥ። ማስነጠስ ከመጣበት አፉን ከፍቶ ያስነጥስ። ከባድ ነገር አያንሣ፤ ስለዚህ ተማሪው ሻንጣውን፣ ገበሬው ቀንበሩን ለጥቂት ጊዜ ለሌላ ይስጥ። ጥቂት ደም የተቀላቀለበት ንፍጥ ለቀናት መውጣቱ የሚያስደነግጥ አይደለም። ደሙ ሳያቋርጥ ከፈሰሰ፣ ዓይኑ ካበጠ ወይም ዕይታው ከደበዘዘ፣ ወይም እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከአንድ ቀዳዳ ከተንጠባጠበ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል?

ከላይ የዘረዘርነውን አንባቢ መለስ ብሎ ቢቆጥረው አንድ ነገር ያስተውላል። በሽተኛውን በጥንቃቄ መጠየቅ፣ አልጋውን ማዘንበል፣ የአድሬናሊኑን 10 ደቂቃ መታገሥ፣ ጠርሙሱ ላይ ስም መጻፍ፣ ሙቅ የጨው ውኃ፣ ውድ ያልሆነ መድኃኒት፤ ከእነዚህ መካከል የጠርሙስ ወርቅ የሚጠይቅ የለም። ኢንዶስኮፑ በእርግጥ ውድ ነው፤ ከውጭ ይመጣል፤ የሚጠቀምበትም ሐኪም ለብዙ ዓመታት መሠልጠን አለበት። ነገር ግን መሣሪያው ተገዝቶ እነዚህ ርካሽ የሚመስሉት ነገሮች የጎደሉ እንደሆነ ሐኪሙ ቀይ ባሕር እንጂ ሌላ የሚያየው የለም። በአገራችን «ዕቃው ከመጣልን እኮ...» ማለት ልማድ ሆኗል። የአፍንጫ ደም የሚያስተምረን ግን ዕቃው የሚሠራው በትዕግሥትና በሥርዓት መካከል ሲቀመጥ ብቻ መሆኑን ነው።

ሁለተኛም፣ የዳንግላ ገበሬ ልጁን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ሲሄድ፣ ከሐኪሙ ዘንድ ሲደርስ የሚያፍርባቸው ነገሮች አሉ። ጠበል መሄዱን፣ ቅጠል መጨመቁን፣ ከሱቅ ክኒን ገዝቶ ማዋጡን ለመናገር ይፈራል፤ እንዳይናቅ ይደብቃል። አሁን እንዳየነው ግን ያ የተደበቀው ነገር በመስኮቱ ላይ ደም ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የተማረው ሰው ገበሬውን በማሳፈሩ የሚጎዳው ክብሩን ብቻ አይደለም፤ የልጁን ዓይን ጭምር ነው። ከመካከላችን ነገ ሐኪም፣ ነርስ፣ አስተማሪ የሚሆነው ሁሉ ይህን ያስብ።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስንሄድ ሦስት ነገር ይዘን እንሂድ። ለእናቶቻችን፣ የሚነስር ልጅ ማንጋጠጥ እንደሌለበት እናሳያቸው። ለእረኞቹ፣ የወንዝ ውኃ በጨርቅ አጥልለው እንጂ ተደፍተው እንዳይጠጡ እንንገራቸው። ቀዶ ሕክምና የታዘዘለት ዘመድ ካለን ደግሞ አብረነው ቁጭ ብለን፣ በዚህ ወር የዋጠውን ክኒንና የጠጣውን ሁሉ በወረቀት ላይ እንጻፍለት፤ ወረቀቱንም ለሐኪሙ ይስጥ።